በሮዝሞር ሣር ላይ ስለቆመው ባለቤቴ

ለተከበሩ ሚስተር ኤልስዎርዝ ፔንሃሎ
የሮዝሞር ታሪካዊ ቤት ጠባቂ ማኅበር የበላይ ኃላፊ
ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ

ጉዳዩ፦ ባለፈው ጥቅምት ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የሮዝሞር ጣሪያና መጋረጃዎችም፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ማንም እንዳይረግጠው ሌት ተቀን የሚታገሉለት ሣርዎ እንደምን ከርማችኋል? እኔና ባለቤቴ ጊልቤርቶ አሩዳ፣ ፈጣሪ ይመስገንና፣ ኦሃዮ በልጃችን በሴልሶ ቤት ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና መሆኑን እንኳ አያውቀውም፤ እኔ ግን ለሁለታችንም ሆኜ አውቅለታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ አደራዎን። ያን ዕለት ከበሩ ሲሸኙን እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ አስተያየት ካለኝ እንድጽፍልዎ፣ እርስዎም እያንዳንዷን ቃል እንደሚያነቡ ነግረውኛል። እኔ እዚያው ደሴት ላይ ከፖርቱጋል ስደተኞች ተወልጄ፣ በእመቤቶች ትእዛዝ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ የታዘዝኩትን ሳልፈጽም እንቅልፍ አይወስደኝም። በከተማው ጋዜጣ ማውጣቴም ሌላ ክፋት የለበትም፤ ንባቡ ለብቻዎ እንዳይከብድዎት የድሮ ጎረቤቶቼ ቢያግዙዎት ብዬ ነው።

ማን እንደሆንን ስላልጠየቁን ልንገርዎ። በወጣትነታችን፣ አሮጊቷ እመቤት ገና በሕይወት ሳሉና በየበጋው ሮዝሞር በሚከርሙበት ዘመን፣ ጊል ከአትክልተኞቹ አንዱ ነበር፤ እኔ ደግሞ በምድር ቤቱ ካውያ ክፍል ልብስ እተኩስ ነበር። ጊል ምሳውን ከአበባ ማሞቂያው ቤት ጀርባ ቆሞ እየበላ ለጓደኞቹ የሚደጋግማት አንዲት ፉከራ ነበረችው፤ አንድ ቀን በትልቅ መርከብ መጥቶ ወደቡ ላይ ይቆማል፣ እንደ ባለጠጎቹ እንግዶች በትንሽ ጀልባ ወደ ምድር ይወርዳል፣ ከዚያም ሮዝሞር በዋናው በር፣ እግሩን ሳይጠርግ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ተጋባን፣ ወለድን፣ እመቤቲቱ አለፉ፣ ቤቱም ለማኅበሩ ሆነ፤ ጊል ግን በከተማው መናፈሻ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድም ቀን ሊጎበኘው አልፈለገም። በመርከብ ካልሆነ አልገባም ይል ነበር። ከወንድ ፉከራ ጋር ማን ይከራከራል?

አሁን ፉከራውንም ረስቶታል። ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ የልጁን ስም፣ ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱን በር እየወሰደበት ሄደ፤ ወደ ኒውፖርት ከመምጣታችን በፊት በረዶ ከወረደ ወዲህ ደግሞ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ክፉ አይናገረኝም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ትሑት ሆኗል፤ ምግቡን ሳቀርብለት እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ያመሰግነኛል። ሐኪሙ፣ የለመደው ቦታ አንዳንዴ ለጥቂት ጊዜ ያህል ልብ ይከፍታል ብሎ ስለነገረኝ፣ ቅጠሉ በሚቀላበት ወራት ከኒውዮርክ ወደ ሰሜን የሚሄደውንና ኒውፖርት ላይ ለአንድ ቀን የሚቆመውን መርከብ ያዝኩ። ብዙ አልተመኘሁም። አንድ ጊዜ ሜና ብሎ እንዲጠራኝ ብቻ ነበር።

መርከቡ ላይ ያለችው የጉብኝት አስተናባሪ ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ እንድንሄድ አጥብቃ መክራናለች፤ ለብቻቸው የሚወጡ ሰዎች እንደሚጠፉም አስጠንቅቃናለች። እኔ ግን ባለቤቴ የአስጎብኚ ባንዲራ ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ስላልሆነ፣ ደግሞም የተወለድኩበት ከተማ አይጠፋኝም ብዬ፣ ለብቻችን ወረድን። ወደቡ ላይ ከቴክሳስ የመጡ ባልና ሚስት የሮዝሞርን መንገድ ጠየቁኝ። እኔም በአገሬ ደንብ፣ ሲኒማ ቤቱ ወደነበረበት ሽቅብ ውጡ፣ የፖርቱጋል ዳቦ ቤት የነበረበት ጋ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ጫማ ሰፊው የነበረበት ከደረሳችሁ አልፋችኋል አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱና ጠፉ። እኛ የዚህ ደሴት ሰዎች እንዲህ ነን፤ መንገድ የምንጠቁመው በሌለ ነገር ነው፤ እርስ በርሳችን ግን ጠፋፍተን አናውቅም። ይህን ልማዳችንን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን፣ በእርስዎ ፈቃድ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ፦ ስለ በሩ አያያዝ

ትኬታችንን ይዘን ዋናው በር ፊት በደረስን ጊዜ፣ ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የፎከረበት ነገር ጥቂት ደረጃ ብቻ ቀርቶት ሳለ፣ ቀና ብሎ ቤቱን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያም ዞሮ በቤቱ ጎን በኩል ወደ ሠራተኞቹ በር ሄደ። ጥበቃዎ፣ ያ ጨዋ ወጣት፣ ክንዱን ይዞ በአክብሮት መለሰው። ባለቤቴ አመሰገነውና እንደገና ዞሮ ሄደ። ወጣቱ ባለቤቴን ትኬት አለዎት፣ በዚህ በኩል ይግቡ እያለ ሲለምነው፣ ጊል ዝቅ ባለ ድምፅ «ጫማዬ ጭቃ ነው» አለው። ጫማው አዲስ ነበር፤ ከመርከቡ ምንጣፍና ከደረቅ አስፋልት በቀር የረገጠው ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ እጁን ይዤ አስገባሁት፤ ምንጣፉ ላይ እግሩን ጠርጎ፣ ጠርጎ፣ ከኋላችን ያሉት ሰዎች እስኪያጉረመርሙ ድረስ ጠርጎ ነው የገባው። ለዚህ የማመሰግነው ሥልጣኔያችን ምን ያህል እንደተራመደ ስላየሁ ነው። በአሮጊቷ እመቤት ዘመን በር ጠባቂው እኛን የሚያባርረን ከፊት በር ነበር፤ የእርስዎው ከጓሮ በር ነው።

፪ኛ፦ በጆሯችን ስለተሰካው ድምፅ

እያንዳንዳችን ጆሮ ላይ በነፃ ያደረጋችሁልን ማዳመጫ ውስጥ የድሮ አትክልተኛ ሆኖ የሚተውን ሰው አለ፤ አነጋገሩ ከየትኛው አገር እንደሆነ ሳልደርስበት ቀረሁ። ሠራተኛውና እመቤቲቱ እንደ አንድ ቤተሰብ እንደነበሩ፣ እመቤቲቱም እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩት እንደነበረ ነገረኝ። ይህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ሳላውቀው ኖሬያለሁ። እኔ የማስታውሰው እመቤቲቱ አትክልተኞቹን ሁሉ፣ አሮጌውንም ወጣቱንም፣ ጆን ብለው ይጠሩ እንደነበር ነው፤ ስም ማጥናት ያደክማቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በእውነት ጆን ይባል ስለነበር፣ ማዳመጫችሁ ፈጽሞ ዋሽቷል አልልም።

ቀጥሎ የእመቤቲቱን ቦታ የያዘች ተዋናይት «ጆን፣ ጽጌረዳዎቹን አምጣልኝ» ስትል ተሰማች። ባለቤቴ ከመቅጽበት እጆቹን ጎንና ጎኑ አድርጎ ቀጥ አለና «አቤት እመቤቴ» አለ። ሰዎች ሳቁ፤ የትዕይንቱ አካል መስሏቸው አንዲት ሴት ፎቶ አነሳችው። እኔ ቤታችን ውስጥ ጊል፣ ጊልቤርቶ፣ የኔ ጌታ እያልኩ ስጠራው ዞር የማይለው ሰው፣ ስሙ ላልሆነ ስም አቤት ሲል ቆሜ አየሁት። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ቢጠይቁኝ ምንም ነው የምልዎ። ልቤ ደንዝዟል፤ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ከወጋዎት በኋላ ጉንጭዎን ቢነኩት የሌላ ሰው እንደሚመስልዎ ዓይነት ነው።

፫ኛ፦ ስለ ካውያ ክፍሌ

የካውያ ክፍሌን የሴቶች መጸዳጃ ቤት ስላደረጋችሁት ላመሰግን እወዳለሁ። በወጣትነቴ ከማለዳ እስከ ምሽት በዚያ ክፍል ስቆም፣ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ የምትቀመጥ ልጃገረድ የምትሰንፍ ናት ይባል ነበር። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት በእርስዎ አስተዳደር ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ነገር ግን ከዚያ መቀመጫ የተነሳሁት ሳይመቸኝ ነው። ከመግባቴ በፊት ባለቤቴን፣ በእናንተ ቤት በአስጎብኚነት ለምትሠራው ብሬና ለምትባለው የኮሌጅ ተማሪ አደራ ሰጥቻት ነበር። ስወጣ ብሬና ከእንግዶች ጋር ታወራለች፤ ጊል የለም። በግራ ያለው ትንሽ በር፣ ወደ ሠራተኞቹ ደረጃ የሚወስደው፣ ገርበብ ብሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል፤ የጠፋ ልቡን ልመልስ ብዬ መጥቼ፣ እሱን ራሱን ጣልኩት።

ወደዚያ በር ልሄድ ስል ብሬና መንገዴን ዘጋች። ልጅቷን አልከስሳትም፤ ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ደንቡን ነገረችኝ፤ ጉብኝቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ አይፈቀድም፣ ወደ ግቢው መውጣት የምችለው ጉብኝቱን እስከ መጨረሻ ስጨርስ በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው በኩል ነው። ባሌ ጠፍቷል አልኳት። በመገናኛ ሬዲዮዋ ተናገረችና የተሰጣትን መልስ አደረሰችልኝ፤ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አለቃዬ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይቻልም ብለዋል።» ያ አለቃ እርስዎ እንደነበሩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የሠሩልኝ ውለታ ይህ ነው፤ የገዛ ባለቤቴን እየፈለግሁ የዳንስ አዳራሹን አየሁ፣ ከፓሪስ የመጣውን የእሳት ማንደጃ አየሁ፣ የእመቤቲቱን መታጠቢያ ገንዳ፣ የጌታውን የመላጫ ዕቃ፣ ማንም በልቶበት የማያውቅ የገበታ አዳራሽ፣ ከጂፕሰም የተሠራ የሰርግ ኬክ አየሁ። በየክፍሉ ገመድ አለ፤ በየገመዱ ጫፍ የሚጠብቅ ሰው አለ። ጆሮዬ ላይ ያለው ድምፅ አትቸኩሉ፣ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ ይለኛል። እኔም ታዛዥ ነኝና፣ ተመለከትኩ።

፬ኛ፦

ይህ ቁጥር የሻይ ቤታችሁን ሾርባ የሚመለከት ነበር። ምራቴ አንብባ፣ ባልሽ ስለጠፋበት ቀን እየጻፍሽ ሾርባ ምን አመጣው ብላ አወጣችው። እውነቷን ነው። ነገር ግን የዚህ ደሴት የባሕር ሾርባ ውሃው የጠራ መሆኑን፣ ወተትና ዱቄት ጨምሮ ማወፈር የጎረቤት አገር ሰዎች ጠባይ መሆኑን ከወንበርዎ ከፍታ የተነሳ ሳይሰሙ ቀርተው ከሆነ፣ እነሆ በዚህ አጋጣሚ ሰምተዋል።

፭ኛ፦ ስለ ዛፉ

በአሮጊቷ እመቤት ዘመን ሠራተኛ ከቤቱ መስኮት በሚታይበት ስፍራ ሁሉ መቀመጥ ክልክል ነበር፤ የግቢው ሣር ደግሞ በሙሉ ከመስኮት ይታያል። አንድ ቦታ ብቻ አይታይም። በባሕሩ በኩል ያ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ከላይ ወርደው መሬቱን የሚጠርጉ፣ ውስጡ ጎጆ የመሰለ፣ እኛ ሠራተኞቹም ጎጆው የምንለው። ቅርንጫፉን በእጅ ገለጥ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ መግባት ነው፤ ከዚያ በኋላ እመቤት የለ፣ መስኮት የለ። እኔና ጊል የተዋወቅነው፣ የተጣላነው፣ ለመጋባት የተስማማነውም እዚያ ነው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር፤ ሁልጊዜ የምዘገየው እኔ ነበርኩ፤ ካውያው አያልቅልኝም። ቀድሞ ይደርስና ቅርንጫፉን ለእኔ ለማንሳት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ስለዚህ ጊል ከእናንተ ቤት ከወጣ የት እንደሚሄድ አውቄያለሁ፤ በዳንስ አዳራሹ በኩል እንኳ ሳልፍ ልቤ አልተሸበረም፣ ዛፉ አለ፣ ከዛፉ አያልፍም እል ነበር። ከዚያ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ደረስኩ። እነዚያ የቴክሳስ ባልና ሚስት መንገዱ ተገኝቶላቸው ኖሮ አንድ የእንጨት ሳህን እያገላበጡ ያያሉ። ሚስትየዋ አወቀችኝና ሳህኑን አሳየችኝ። ከሥሩ ከተለጠፈው ካርድ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፤ ከሮዝሞር ታላቅ ዛፍ የተሠራ፣ የሮዝሞርን ዛፍ ቤትዎ ይውሰዱ። መደርደሪያው ሙሉ ነበር። ሳህን፣ ጭልፋ፣ የወይን ጠርሙስ መክደኛ።

ዛፉ ታሞ እንደተቆረጠ በኋላ ነግረውኛል። አላምንዎትም አልልም፤ በዚያ አካባቢ ብዙ ዛፍ ታሟል ይባላል። በበጋ በቦታው የሠርግ ድንኳን እንደሚተከልና ቦታው ከወዲሁ እንደሚያዝም ከመሸጫው ግድግዳ ላይ አንብቤያለሁ፤ ሁለቱን ነገር የማገናኝ ክፉ ሰው ግን አይደለሁም።

፮ኛ፦ ስለ ሣሩ

የመጨረሻው ነው፤ ታግሰው ስላነበቡኝ ዕድሜዎ ይርዘም።

ስወጣ ግቢው ዝርግ ነው። ጉቶ እንኳ የለም፤ ሣሩ ምንም እንዳልተነቀለበት ሆኖ ተዘርግቷል። እኔ ራሴ፣ ወጣትነቴን እዚያ የጨረስኩት፣ ቦታውን በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት። ጊል አላጣውም። የት እንዳለ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ቁርስ መብላቱን የማያውቀው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰፊ ሣር መካከል አንዱን ስፍራ መርጦ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። እርስዎም በዚያ ባማረ ኮትዎ ወደ እሱ ይሄዱ ነበር፤ እኔ ከኋላዎ ነበርኩ፣ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ።

ቀርበው «ጌታዬ፣ እዚህ እኮ ምንም ነገር የለም፤ ወደ መንገዱ እንውጣ» አሉት። ጊል እጁን ወደ እርስዎ ዘረጋና እንዲህ አለዎ፤ «ጎንበስ በል እንጂ ልጄ፣ ዓይንህን ይወጋሃል።» እርስዎም፣ ክቡር ሆይ፣ በዓይኔ ያየሁትን ልመስክርልዎ፣ ጎንበስ አሉ። ትንሽ ነው፤ አንገትዎን ሰበር እንደማድረግ። ከዚያ ቀና ብለው ማን እንዳየዎት ዙሪያውን ቃኙ። ስለዚህ እዚያ ምንም ነገር እንደሌለ ሲናገሩ ቀድመው ሰላምታ የሰጡት ለምን እንደነበር አንድ ቀን ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

እኔም ደረስኩ። ጊል አየኝ። ፊቱ የእንግዳ ሰው ፊት ሲያይ እንደሚሆነው ሆነ፤ ከዚያም ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ፣ በአየር ላይ የማይታይ ነገር ገለጠና ያዘልኝ።

«እማማ፣ ዝቅ ብለው ይግቡ። ቅጠሉ ጠል አለው።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ክንዱ በራሴ ላይ አለፈ፤ ከኋላዬ ቅርንጫፉን በቀስታ ለቀቀው። እርስዎ ከውጭ ቀሩ። እዚያ ቆመን ባሕሩን አየን፤ መርከባችን ከሩቅ ይታያል። ሣሩ ላይ ልቀመጥ ስል እጁን ዘርግቶ በትሕትና ከለከለኝ።

«እዚያ ጋ አይቀመጡ፣ የሜና ቦታ ነው። ካውያዋን ስትጨርስ ትመጣለች።»

ምናልባት ዘግይታ እንደሆነስ አልኩት።

«ትቆይ ይሆናል እንጂ አትቀርም» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ስሜን ሰማሁ። ከአፉ፣ በድሮ ድምፁ፣ ሜና ብሎ። የመጣሁበት ጉዳይ ተፈጸመ፤ ለዚህም ነው ይህ ደብዳቤ የቅሬታ ሳይሆን የምስጋና የሆነው። እሱ የሚጠብቃት ልጅ እንደምትመጣ እርግጠኛ ነበር፤ እኔም ከቦታዬ አጠገብ፣ ቦታዬን ሳልነካ፣ አብሬው ቆሜ ጠበቅኳት። አላለቀስኩም። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ግን እንባው ከየት እንደሚመጣ ረስቼው ነበር። ምናልባት እሱ መርሳቱን ለእኔም አጋብቶብኝ ይሆናል።

ብዙ አልቆየንም። እርስዎ ሰዓትዎን አይተው፣ ሣሩ አዲስ እንደተዘራ፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል እንደሆነ፣ ወደ መርከባችን የሚመልሰው የመጨረሻው ጀልባም እንዳያመልጠን አስታወሱን። ሁሉም እውነት ነው። ከሣሩ ላይ ሲያስወጡት ጊል አልተከራከረም፤ በሕይወቱ ከዚያ ሣር ላይ ተነስ ሲባል ተከራክሮ አያውቅም። ወደ በሩ እስክንደርስ ግን እየዞረ ያይ ነበር። ከዚያ በሩ ላይ እጄን ይዘው፣ ለደረሰብን እንግልት ማካካሻ ነው ብለው ከእነዚያ ሳህኖች አንዱን ሰጡን፣ አስተያየትም ካለኝ እንድጽፍ ነገሩኝ። ጀልባው ላይ ጊል፣ አንዲት ልጅ እየጠበቀ እንደነበረ፣ ሳይነግራት መሄዱ ነውር እንደሆነ ነገረኝ። እነግራታለሁ አልኩት።

አስተያየቴ ይኸውልዎ። ዛፉን ትከሉልኝ አልልም፤ እሱ እስኪያድግ እኛ የለንም። አግዳሚ ወንበርም አልለምንም፤ የማን ባለጠጋ ስም እንደሚጻፍበት ስለማውቅ። አንዲት ነገር ብቻ ነው። እኛ የዚህ ደሴት ሰዎች መንገድ የምንጠቁመው በሌለ ነገር እንደሆነ ነግሬዎታለሁ። ዳቦ ቤት የነበረበት ስንል ዳቦ ቤት የለም እያልን አይደለም፤ እዚያ እንገናኝ እያልን ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ሽማግሌ ከሣርዎ መካከል ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ቢያገኙ፣ እባክዎን፣ እዚህ ምንም የለም አይበሉት። ሜና ካውያዋን እየጨረሰች ነው፣ አሁን ትደርሳለች ይበሉት። ከማኅበሩ በጀት አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ጣሪያዎ አያፍስስ፣ ገመድዎ አይላላ፣ ሣርዎም ከእግርም ከትዝታም ተጠብቆ ለዘለዓለም አረንጓዴ ሆኖ ይኑርልዎ እያልኩ፣ በዋናው በር ገብታ በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው የወጣች ትሑት እንግዳዎ ነኝ፤

ፊሎሜና አሩዳ
የቀድሞ የሮዝሞር ካውያ ክፍል ሠራተኛ
አሁን የአንድ ጆን ባለቤት

ማስታወሻ፦ ሳህኑ በደህና ኦሃዮ ገብቷል። ባለቤቴ አመሻሽ ላይ ኮቱን ለብሶ ሜናን ልጠብቅ ብሎ ወደ በር መሄድ ስላመጣ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈውን አምኜ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ዛፉ እዚህ ነው፣ እዚሁ ጠብቃት አልኩት። አገላብጦ አየውና በሐዘኔታ ተመለከተኝ። «እማማ፣ ይህ እኮ ሳህን ነው» አለኝ። ከዚያ የልጃችን ግቢ ወጣ፤ እዚያ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ ቅርንጫፉን አነሳልኝ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ስለዚህ ሳህኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ለሾርባችሁ ይሆናል። ዛፉ እኛ ጋ ነው።